የፈቃድ ተራ

መዲና ይመር የፈቃድ ተራ እንደደረሳት የሰማችው አውቶቡሷን እያጠበች ሳለ ነው። በራስ ሐሉል ሌሊቱን መስታወት ላይ የሚጋገረው ጨው በጨርቅ ብቻ አይለቅም፤ አርጥቦ መፋቅ ያስፈልጋል። እሷ እየፋቀች ሳለ የእጅ አንጓዋ ላይ ያሰረችው መሣሪያ ነዘረ፤ «የተከበሩ ወይዘሮ መዲና ይመር፣ ለመጪው ወር የባሕሩ ፈቃድ ሰጪ ሆነው በዕጣ ተመርጠዋል። እንኳን ደስ አለዎት» አለ። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ወረወረችው። የስምሪት ኃላፊው ፊቷን አይቶ ነገሩ ገባው። «አይዞሽ፣ ወር ምን አላት፣ ታልፋለች» አላትና የአውቶቡሱን ቁልፍ ተቀብሏት ለሌላ ሾፌር ሊሰጥ ሄደ።

ራስ ሐሉል ከባብ ኤል መንደብ ትንሽ ወጣ ብላ የተቀመጠች የወደብ ከተማ ናት። ባሕሩን የሚጠብቁት ሩቆቹ ናቸው። አገራቸው የታወቀ ስም አላት፤ የከተማው ሰው ግን «ሩቆቹ» ይላል፣ ይበቃዋል። የብዙ አገር ጭነት በዚያ ጠባብ ውሃ ስለሚያልፍ ሩቆቹ ስለ ውሃው ስትራቴጂ አጥተው አያውቁም። በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ስም ይዞ ይመጣል፤ የከተማው ሰውም ዕድሜውን የሚቆጥረው በዚያ ነው። መዲና ከወሎ ወደ ወደቡ የወረደችው በ«ክፍት መተላለፊያ» ጊዜ ነበር። ሽኩርን ያገባችው በ«ጽኑ አጋርነት» ነው። ልጃቸው ለትምህርት ደሴ ስትሄድ «ኃላፊነት የተሞላበት ቆይታ» ገና መጀመሩ ነበር። የአሁኑ «የረጋ ባሕር» ይባላል።

በረጋ ባሕር ዘመን ውሃው ላይ ሰው የለም። ጭነት መርከቦቹ ያለ መርከበኛ ተሰልፈው ያልፋሉ። ጠባቂዎቹም ውስጣቸው ሰው የለባቸውም፤ ከዳር ሆኖ ለሚያያቸው ውሃ ላይ የተደፋ የብረት ገበታ ይመስላሉ። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን አሸዋው ላይ ጎትተው አውጥተው ሌላ ሥራ ይዘዋል። ሽኩር የቤት ማቀዝቀዣ ይጠግናል። ስለ ባሕሩ አያወራም፤ ሲጠይቁት «ምን ባሕር?» ይላል።

ሩቆቹ ግን የሚኮሩበት አንድ ነገር አለ። በዚህ ውሃ ላይ ያለ አካባቢው ሕዝብ ፈቃድ አንዳች ነገር አይደረግም። ይህ ስትራቴጂያቸው ላይ በመጀመሪያው ገጽ ተጽፏል። ሕዝቡ ማለት በየወሩ በዕጣ የሚወጣው አንድ ሰው ነው።

የፈቃድ ቤቱ ከድሮው ጉምሩክ ጀርባ ነው። መዲና በመጀመሪያው ቀን ስትገባ የተቀበላት አስተባባሪው ባልካቸው ነበር፤ ከደጋ የመጣ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሁልጊዜ ሹራብ የሚለብስ የአርባ ዓመት ሰው ነው። መሣሪያዋን ከእጇ ፈታ፣ ጋቢ መሳይ ወፍራም ልብስ ሰጣትና «ክፍሉ ይቀዘቅዛል እትዬ መዲና፣ ለማሽኖቹ ተብሎ ነው» አላት። ከዚያ አንድ ወንበር፣ አንድ ስክሪን፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ። ከስክሪኑ የሚወጣው ድምፅ የድሮ ዜና አንባቢ አማርኛ ይናገራል።

«ክብርት ፈቃድ ሰጪ፣ በሰሜናዊው መስመር አንዲት ባለቤቷ ያልታወቀ ጀልባ ወደ መጣችበት እንድትመለስ ልናደርግ ነው። ይስማማሉ?»

«እስማማለሁ።»

«እናመሰግናለን።»

ሥራው ይኸው ነው። ድምፁ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፣ ውሃው ላይ አንድ ነገር ይሆናል። የሚሆነውን ግን አታይም። ቀድሞ ምስል ነበረ አሉ፤ ከዚህ በፊት ተራ የደረሳቸው ሰዎች እንቅልፍ አጣን ብለው ስላመለከቱ ሩቆቹ አዝነው ምስሉን አነሱት። አሁን ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ብቻ ነው። ማዞር፣ ማዘግየት፣ ማስቆም፣ ማስወገድ። ማስወገድ ብዙ ጊዜ አይመጣም። ሲመጣ ባልካቸው ብርጭቆዎቹን ለማጠብ ይወጣል።

የከተማው ሰው «እስማማለሁ» የምትለውን ቃል መናገር ትቷል። ማንም አልከለከላቸውም፤ እንዲሁ ከአፋቸው አልወጣ አለ። ባለሱቁ ዋጋ ሲጠራ ገዢው «ይሁን» ይላል። ኒካህ ሲታሰር ሙሽሪትን ሲጠይቋት «ደህና» ትላለች፣ ሸኹም ይቀበላሉ። መዲና ግን ቀኑን ሙሉ ስትለው ውላ ቤቷ ስትገባ ሽኩር «ራት ላቅርብ?» ሲላት ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። እሱም አይጠይቃትም። ሳህኑን አስጠግቶላት፣ የተበላሸ ማቀዝቀዣ ሞተር ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጠርጋል።

ወሩ እንደዚያ ሊያልቅ ነበር። ደክሟት ነበር፤ አውቶቡስ በመንዳት የሚመጣ ድካም ሲተኙ ይለቃል፣ ይሄኛው አይለቅም። የጎረቤቷ የሰዓዳ እናት የአልጋ ቁራኛ ናቸው፤ መዲና ቀድሞ ማታ ማታ ገብታ ታገላብጣቸው ነበር። በዚያ ወር አንድ ቀን እንኳ አልገባችም። ሴትየዋን መንካት ከበዳት።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ድምፁ እንደወትሮው ጀመረ።

«ክብርት ፈቃድ ሰጪ፣ ሞተሯ የቆመ አንዲት የእንጨት ጀልባ ከምሥራቅ ጠረፍ ተነሥታ ወደ ዋናው መስመር እየተንሳፈፈች ነው። የጭነት መርከቦች ሰልፍ እየደረሰ ስለሆነ ጀልባዋን ልናስወግድ ነው። ይስማማሉ?»

መዲና አፏን ከፈተች። ለምን በዚያን ቀን እንደሆነ በኋላም አላወቀችውም። ምናልባት «እየተንሳፈፈች» የሚለው ቃል ይሆናል።

«ሰው አለባት?» አለች።

ባልካቸው ብርጭቆውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ በፊት እንዲህ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«በጀልባዋ ላይ ሙቀት ያላቸው አካላት አሉ።»

«ሙቀት ያላቸው አካላት ማለት ሰው ማለት ነው?»

«የቤት እንስሳትም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለምሳሌ ፍየሎች። ይስማማሉ?»

ባልካቸው ጠጋ አለና ጎንበስ ብሎ «እትዬ መዲና» አለ። «ቃሉን ይበሉና ይገላገሉ። ሁለት ሌሊት ያስቸግርዎታል፣ ከዚያ ይተዋል። ብዙ ሰው አይቻለሁ።»

«ባልካቸው ወንድሜ፣ ፍየል ብቻዋን ባሕር ትሻገራለች?»

ባልካቸው ከጎነበሰበት ቀና አለ።

«ይስማማሉ?» አለ ድምፁ።

«አልስማማም።»

ማሽኑ «ይቅርታ፣ በደንብ አልተሰማም። እባክዎ ይድገሙልኝ» አለ።

«አልስማማም አልኩ።»

ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ክፍሉ ውስጥ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ቀረ። ከዚያ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሰው ፊት መጣ። ፀጉሯ የሸበተ፣ ዓይኗ ሥር ያበጠ ሴት ናት፤ የሩቆቹ የቀጣናው ኃላፊ። አፏ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፣ አማርኛው ዘግይቶ ይከተላል።

«ወይዘሮ መዲና፣ ጤና ይስጥልኝ። አለመስማማት መብትዎ ነው፤ እናከብረዋለን። የሚያስከትለውን ግን ላስረዳዎ።»

«ይንገሩኝ።»

«ሰልፉ ይቆማል። ከኋላው ያሉትም ይቆማሉ። እኛ አገር ምክር ቤት ውስጥ፣ ያንን ሩቅ ባሕር ለምን እንጠብቃለን፣ ልጆቻችን ምን ያገኛሉ የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን ሲሰሙ ጥያቄያቸው ይበረታል። ስትራቴጂው ከታጠፈ አብሮት የሚታጠፍ ነገር አለ። የውሃ ማጣሪያችሁ የስትራቴጂው አካል ነው። መብራታችሁም።»

«ውሃችንን ትዘጉታላችሁ ማለት ነው?»

«እኔ የምዘጋው ነገር የለም። ሊሆን የሚችለውን ነው የነገርኩዎት። ስትራቴጂውን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።»

ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም። መዲና ይህን ስታይ ይበልጥ ፈራች። የሰዓዳን እናት አሰበች፤ በቀን ስንት ጊዜ አንሶላ እንደሚታጠብላቸው፣ ቧንቧው ቢደርቅ ሰዓዳ ጀሪካን ተሸክማ የት እንደምትሄድ አሰበች። 

«ጎትታችሁ አውጧቸዋ» አለች። «ያኔ እስማማለሁ።»

«ጠባቂዎቹ ሰው ለማንሳት አልተሠሩም። ከተፈቀዱት አማራጮች ውስጥ የለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የተሠሩት?»

ተርጓሚው የሚተረጉመው አጣ።

መዲና ወደ ባልካቸው ዞረች። ወሬ እንደምታወራ ሰው ነበር የተናገረችው። «ሽኩር አሁን ገበያው ጎን ማቀዝቀዣ ይጠግን ይሆናል። ጀልባው አሸዋው ላይ ናት። በየጁምዓው እየሄደ ሞተሯን ያስነሳታል፤ የት ሊሄድባት እንደሆነ እንጃ።»

ባልካቸው ትንሽ አያት። ብርጭቆውን አነሣ። «ሻይዎ ቀዝቅዟል፣ ልቀይርልዎ» ብሎ ወጣ። ሻዩን ይዞ አልተመለሰም።

ኃላፊዋ ስክሪኑ ላይ ቆየች፤ አንዳንዴ ወደ ጎን ዞራ ከሌላ ሰው ጋር ትነጋገራለች፣ ያ አይተረጎምም። መዲና የሶላት ሰዓት አለፈባት። ሽንቷ መጣ፣ ግን ወንበሩን ለቅቃ ብትነሣ ተራዋ ለሌላ ይሰጣል ብላ ፈርታ አልተነሣችም። ብዙ ከቆየ በኋላ የዜና አንባቢው ድምፅ ተመለሰ።

«ክብርት ፈቃድ ሰጪ፣ ከራስ ሐሉል ዳርቻ አንዲት ጀልባ ያለ ፈቃድ ወጥታለች። ልናስቆማት ነው። ይስማማሉ?»

 ኃላፊዋን አየቻት። ሴትየዋም ነገሩን የተረዳችው ገና ያኔ ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና በጣቶቿ ቅንድቧን ጫን ጫን አደረገችው።

«አልስማማም» አለች መዲና።

«ጀልባዋ የተከለከለውን ክልል አልፋለች። ይስማማሉ?»

«አልስማማም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያወቀችው ስክሪኑ ላይ በሚመጣው ጽሑፍ ነው። ሁለተኛዋ ጀልባ ወደ መጀመሪያዋ ተጠጋች። ጀልባዎቹ ተያያዙ። ፍጥነት ዝቅተኛ። አንድ ጠባቂ በቅርብ ይከታተላል። ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ጥያቄው ይመጣል፣ እሷም ትመልሳለች። ድምፁ አይሰለቸውም። እሷ ግን ጉሮሮዋ ደረቀ፤ በመጨረሻ ቃሉ ትንፋሽ ብቻ ሆኖ ይወጣ ነበር፣ ማሽኑም «እባክዎ ይድገሙልኝ» ይላታል። አንዴ ኃላፊዋ ጣልቃ ገብታ «ውሃ ይጠጡ እንጂ» አለቻት። መዲና በቅንነት እንደሆነ ገባትና የቀዘቀዘውን ሻይ ብታገኝ ብላ ተመኘች።

ጀልባዎቹ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መዲና ልብሱን ወንበሩ ላይ ጥላ ስትወጣ የከለከላት አልነበረም። አሸዋው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ከምሥራቁ ጠረፍ የመጡት ሰዎች ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ሞተው ፊታቸው ተሸፍኗል። ፍየልም ነበረች፤ አንዲት ጥቁር ፍየል፣ ከሁሉም የተሻለ ጤና ያላት እሷ ነበረች። አንዲት ሴት የመዲናን ክንድ ይዛ በዓረብኛ አንድ ነገር ለመነቻት። መዲና ታላቅ ነገር ጠብቃ ነበር፤ ሴትየዋ የፈለገችው ሽንት ቤት ነው። አብረው ሄዱ።

ሽኩር ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ገመድ የላጠውን መዳፉን ያያል። ሸሚዙ እርጥብ ነው። ቀና ብሎ ሲያያት ምን እንደሚላት ጨነቀው መሰል፣ «መዲና» አለ፣ «ዓሣው ተመልሷል። እንዲህ ብዙ ዓሣ አይቼ አላውቅም።» ከዚያ አለቀሰ።

የታሰረ ሰው የለም። ይህ ከተማውን ይበልጥ ግራ አጋባው። ከሩቆቹ ዘንድ ለመዲና የምስጋና መልእክት መጣላት፤ ተሳትፎዋ ለሥርዓቱ ጠቃሚ ግብዓት እንደሆነ ይገልጻል። የሽኩርን ጀልባ ሊወስዱ የመጡት ሰዎችም ትሑት ነበሩ፤ ለአካባቢው የባሕር ቅርስ ሙዚየም ሊያቋቁሙ ነው፣ የመጀመሪያዋ ቅርስ እሷ ናት። ሽኩር እስከ መኪናው ድረስ ሸኛትና ተመልሶ ወደ ማቀዝቀዣዎቹ ገባ።

ውሃው ግን ቀነሰ። ማጣሪያው ጥገና ላይ ነው ተባለ። ጠዋት ትንሽ ይመጣል፣ ይቆማል። ጀሪካን ይዘው በተሰለፉበት ሰዓዳ ሰው ሁሉ እየሰማ «ለማላውቃቸው ሰዎች ብለሽ የኔን እናት ቆሻሻ ላይ አስተኛሽ» አለቻት። መዲና ማታ ሁለት ጀሪካን ይዛ ሄደች። ሰዓዳ በሩን ከፍታ ጀሪካኖቹን ተቀበለችና ዘጋችው። በማግሥቱም ይዛ ሄደች። ሰዓዳ ተቀብላ ዘጋች። እንዲህ ሲሰነብቱ አንድ ማታ በሩ ሳይዘጋ ቀረ፣ መዲናም ገብታ አሮጊቷን አገላበጠቻቸው። 

ባልካቸውን ወደ ሌላ ቀጣና አዛወሩት። ወደ ባቡር ጣቢያው የሄደው ሻንጣውን ይዞ በመዲና አውቶቡስ ነው፤ ከኋላዋ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ያን ቀን እምቢ ሲሉ ምን እንደተሰማኝ ልንገርዎት?» አላት።

«ምን ተሰማዎት?»

«እንቅልፌ መጣ። ከሽኩር ተመልሼ ቤቴ ገባሁና ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ። ስንት ዓመቴ እንደዚያ ከተኛሁ።»

ጣቢያው ሲደርሱ ሻንጣውን አወረደችለት። እጇን ጨበጣትና ሄደ።

በዓመቱ አዲሱ ስትራቴጂ መጣ። «የጋራ ድምፅ» ይባላል። የፈቃድ ቤቱ ተዘጋ፤ አንድ ሰው የሁሉን ሸክም መሸከሙ ፍትሐዊ እንዳልነበረ ሩቆቹ አመኑ። አሁን ጥያቄው ለሁሉም ሰው፣ በእጁ አንጓ ላይ ይመጣል። ዝምታ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። የማይስማማ ሰው መሣሪያውን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ በጠራ ድምፅ መናገር አለበት። ጥያቄው የሚመጣው ሰው ሥራ ላይ ሲሆን፣ ልጅ ሲያጥብ፣ መንገድ ሲሻገር ነው። ከተማው ቶሎ ለመደው። መሣሪያው ሲነዝር ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን ወዝወዝ ያደርጉና ይቀጥላሉ። ውሃውም ተመልሷል።

መዲና ግን መሣሪያው በነዘረ ቁጥር አውቶቡሱን ታቆማለች። ባሕሩ ዳር ባለው መንገድ ላይም ቢሆን፣ ገበያው መሐልም ቢሆን፣ ዳር ይዛ ሞተሩን ታጠፋለች። እስክትጨርስ ተሳፋሪው ይነጫነጫል። «ኧረ እትዬ መዲና ረፈደብን!» «ሰው ሥራ አለው እኮ!» እሷ ሳትቆጣ «ታገሱኝ» ትልና መሣሪያውን ወደ አፏ ታስጠጋለች።

አንድ ጠዋት ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ መልሷን ስትሰጥ፣ መሣሪያው «አስተያየትዎ ተመዝግቧል። ድርጊቱ ተፈጽሟል» አላት። ድምፁ ጮክ ብሎ ስለነበር ሰው ሁሉ ሰማ። ሰዓዳ ከፊት ወንበር ላይ ነበረች።

«ተፈጽሟል እኮ ነው የሚልሽ» አለቻት። «ምን ያደርግልሻል?»

መዲና መሪውን ያዘች። ደክሟታል፣ ገና ጠዋት ነው። «ምንም» አለች። «ምንም አያደርግልኝም፣ ሰዓዳ።»

ሞተሩን ልታስነሣ እጇን ዘረጋች።

«ቆይ» አለች ሰዓዳ። የእጅጌዋን ጫፍ ወደ ላይ ሰበሰበች። የእሷ መሣሪያ ገና እየነዘረ ነበር። «የት ጋ ነው የሚናገሩበት? እዚህ ጋ ነው?»

«እሱ ጋ ነው። እጅሽን አታንቀሳቅሺ።»

ከኋላ አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ሰዓዳ ጉሮሮዋን ጠረገች።